ክቡር አጥኚ ትራስ ይዘው መጡ

«ዝም! ሁላችሁም ዝም በሉ!»

ሰውዬው ባንኮኒው ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። ከራሳቸው ሥር ከቤት ያመጡት ነጭ ትራስ አለ። ከጆሯቸው አጠገብ መዝገበ ቃላት የምታክል ኮምፒውተር እየሠራች ነው። አንድ እጃቸውን ሽቅብ አንስተው ሱቁን በሙሉ አስቁመዋል። ቻርጀር ሊገዛ የገባ የታክሲ ሹፌር አንድ እግሩን ውስጥ፣ አንድ እግሩን ውጭ እንዳደረገ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ድምፅ አላት» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች ባለሱቋ።

«ቆመሽ እንዴት ይሰማሻል! ተኝተሽ ስሚያት።»

ባለሱቋ ሥራ አለባት። የታክሲ ሹፌሩ ግን ነገሩ አጓጓው። «እስቲ እኔ ልሞክራት» ብሎ ገባ። ሰውዬው ወርደው ቦታቸውን ለቀቁለት። ሹፌሩ ትራሱ ላይ ጋደም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«እውነትም» አለ፤ «ሽ... ትላለች። ውሃ ሊፈላ ሲል እንደሚያደርገው።»

«አላልኩም?» አሉ ሰውዬው ወደ ባለሱቋ ዞረው። «ሁለት ሰው መሰከረባት። መልሻት።»

እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ሱቅ በዓለም ላይ የለም። ጨርቅ መሸጫ ከሆነ፣ ክሩን መዝዞ በጥርሱ የሚፈትሸው እሱ ነው። ጫማ መሸጫ ከሆነ፣ በአንድ እግሩ ጥቁር በሌላው ቡናማ አድርጎ ሱቁን የሚዞረው እሱ ነው። በር መሸጫ ከሆነ፣ ከፍቶ ዘግቶ፣ ዘግቶ ከፍቶ ማጠፊያውን የሚያዳምጠው እሱ ነው። ዕቃውን ከሻጩ አብልጦ ያውቀዋል። ቀድሞ ይመጣል፣ ዘግይቶ ይወጣል፣ ሲወጣ እጁ ባዶ ነው። ለምን አልገዛህም ቢሉት መልሱ አንድ ነው፤ «እያጠናሁት ነው።»

ያገለገለ ኮምፒውተር ለሚሸጥበት ለዚህ ጠባብ ሱቅ የደረሱት ክቡር አጥኚ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠቻቸው ባለሱቋ ስትሆን ከጓዳ ተቀምጦ የሚጠግነው የአክስቷ ልጅ ሹመቱን ወዲያው አጽድቋል። ተሿሚው ግን አልተነገራቸውም። በሥራቸው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናቸው፤ ሰውን ዝም ማሰኘት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሙያ ነው።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ዝናብ ይጥል ነበር። ጃንጥላቸውን በሥርዓት አጥፈው በር ላይ አቆሙና፣

«ደመና ቤቴ ማስገባት ፈልጌ ነበር» አሉ።

«ጣሪያዎ ከተቀደደ ራሱ ይገባልዎታል» አለ ጠጋኙ ከጓዳ።

ክቡርነታቸው አልሳቁም። ደመና የሚሉት ሌላ ምንም አይደለም፣ የሰው ኮምፒውተር ነው ብለው ማስረዳት ጀመሩ። ፎቶህን ወስዶ የት እንዳለ በማታውቀው ቤት ያስቀምጥልሃል። የሰው ከሚሆን የራስ ይሻላል። ሦስት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ተገዝተው በኬብል ቢያያዙ እንደ አንድ ይሠራሉ። አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ይቀጥላሉ፣ ፎቶውም አይጠፋም።

«ክላስተር ይባላል» ብለው ጨረሱ።

ጥግ ላይ ላፕቶፓቸው እስኪጠገን የሚጠብቁ አንድ ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ ነበሩ። ቃሉን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«ኩታ ገጠም ነው የሚሉት?»

«ምን አሉኝ?»

«ክላስተር ማለት እኮ ኩታ ገጠም ነው! ጎን ለጎን ያለው የገበሬ ማሳ እንደ አንድ ይታረስና አንድ ዓይነት ዘር ይዘራበታል። ስንት ስብሰባ የተቀመጥንበት ነገር መሰለዎት።»

«አንድ ዓይነት ዘር?»

«አንድ ዓይነት! አንዱ ስንዴ፣ አንዱ ባቄላ ከዘራማ ምኑን ኩታ ገጠም ሆነ?»

ነገሩ በክቡር አጥኚ ልብ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሁለቱ ሰዎች ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ስለ ዘርና ስለ ሃርድ ዲስክ ሲከራከሩ ዋሉ። የእርሻ ባለሙያው ላፕቶፓቸውን ረስተው ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ፤ ሦስቱም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ካልሆኑ ግዢ የለም። ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሦስት አንድ ዓይነት መፈለግ ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ ሦስት መንታ ወንድማማቾች እስኪያልፉ እንደ መጠበቅ ነው።

ባለሱቋ ግን ፈለገችላቸው። የእጅ መዳፍ የምታክል፣ ዋጋዋም እንደ ቁመቷ የሆነች ኮምፒውተር ሦስት አድርጋ አመጣች። ክቡርነታቸው ገልብጠው አዩዋት። «ማስታወሻዋ፣ ራም የሚሉት፣ እዚያው ተጣብቆ ነው የተሠራው፤ አይጨመርላትም። ለሚያድግ ልጅ የማይሰፋ ልብስ ይገዛል?» ብለው መለሷት። ስክሪናቸው የተሰበረ ላፕቶፖች አመጣች። መብራት ሲጠፋ በባትሪያቸው ይቆያሉ ብለው ደስ አላቸው። እንዲያውም ሊከፍሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እጃቸው እዚያው ኪስ ውስጥ እንዳለ «ባትሪ ግን ሲቆይ ያብጣል» አሉ። እጁ ባዶውን ወጣ። ፋን የሌለው፣ ትንፍሽ የማይል ጥቁር ሳጥን አመጣች። አንድ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ፣ አንዱን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆዩና «ትኩሳት አለው» አሉ።

ዋት መለኪያ ገዝተው የመጡ ዕለት (አዎ፣ መለኪያውን ከሌላ ሱቅ ገዝተውታል፤ ባለሱቋ ይህን እስካሁን አልረሳችላቸውም) ሶኬት ሲፈልጉ የጠጋኙን መብራት ነቀሉበት። ጠጋኙ በብርጭቆ ክዳን ሙሉ ትንንሽ ብሎን እንደያዘ ጨለማ ዋጠው።

«ጋሼ፣ እኔንም ይለኩኝ እስቲ! ስናደድ ስንት ዋት እንደምበላ ልወቀው!»

«ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦም የመቶ ሻማ አምፖል ያህል ይበላል» አሉት በቁም ነገር። «ስትናደድ እርግጠኛ አይደለሁም። አላጠናሁትም።»

ይህን ሁሉ ያለፈ ዕቃ ደግሞ መጨረሻ ላይ ጆሮ ፊት ይቀርባል። ክቡርነታቸው ጎንበስ ይላሉ፣ ሱቁን ዝም ያሰኛሉ፣ ያዳምጣሉ። የጆሮ ፍርድ ይግባኝ የለውም። ውጭ አውቶቡስ እየጮኸ፣ ፊት ለፊት ያለው ብረት በያጅ እያንኳኳ፣ እሳቸው ከዚያ ሁሉ መሀል የአንዲት ትንሽ ፋን ትንፋሽ ለይተው «ድምፅ አላት» ይላሉ።

ጠጋኙ ሰውዬው ይባረሩ ካለ ቆይቷል። ባለሱቋ ቆራጥ ሴት ናት፤ ግን በዚህ ነገር እግሯን ትጎትታለች። ምክንያቱን ለእሱ አልነገረችውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው የሚመጣው ክቡር አጥኚን ለመስማት ነው። እሳቸው ዕቃውን አንስተው ጉድለቱን ሲዘረዝሩ ከጎናቸው የቆመው ሰው «ይቺ ብቻ ናት ጉድለቷ?» ብሎ ይገዛዋል። አንድ ጊዜ አንድ አባት ለልጃቸው ውዱን ኮምፒውተር ሊገዙ ሲሉ ክቡርነታቸው «ልጅቷ ምን ልትሠራበት ነው?» ብለው ጠይቀው ወደ ርካሹ መለሷቸው። ባለሱቋ ያን ዕለት እንደ ጉድ ተበሳጨች። አባትየው በሳምንቱ ሁለት ወንድሞቻቸውን ይዘው መጡ።

አሁን ግን ጊዜ አልቋል። የክቡርነታቸው እህት ወንድሞች በየከተማው ተበትነው የሚኖሩ፣ ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ በአንድ ኩባንያ ደመና ላይ አንድ ላይ ሲያስቀምጡ የኖሩ ናቸው። ኩባንያው ሥራ ሊያቆም ነው። ከማክሰኞ በኋላ እዚያ የቀረ ሁሉ ይጠፋል። ታላቅ ወንድም ስለሆኑ፣ ደግሞም «ኮምፒውተር ያውቃል» ስለሚባሉ፣ ቤተሰቡ ነገሩን ለእሳቸው ጥሎባቸዋል።

ለዚህ ነው ባለሱቋ ለዛሬ ብላ ስታስስ ከርማ እነዚያን ሦስት መዝገበ ቃላት የሚያካክሉ ኮምፒውተሮች ያገኘቻቸው። አንድ ዓይነት ናቸው። ራም ይጨመርላቸዋል። አያተኩሱም። ዋታቸው ትንሽ ነው። «ዛሬ ይገዛሉ፤ ካልገዙ ሁለተኛ እንዳይመጡ እኔው እነግራቸዋለሁ» ብላ ለአክስቷ ልጅ ቃል ገብታ ነበር።

እና ክቡርነታቸው ትራስ ይዘው መጡ።

ስልካቸው ጮኸ። ታናሽ እህታቸው ናት። አንድ እጃቸው ትራሱን ስለያዘ ስፒከሩን ከፍተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ጋሼ፣ ገዛህ?»

«እያጠናሁት ነው።»

«ማክሰኞ እኮ ነው! የእማዬ ፎቶ፣ የልጆቹ ልደት፣ ሁሉ ነገር ድራሹ ሊጠፋ ነው። ምናለ አንድ ሃርድ ዲስክ ገዝተህ ብትገለብጠው?»

«አንድ ዲስክማ አይቼዋለሁ።»

«አይተኸዋል እንጂ! የኔን ሰርግ ይዞ ከመደርደሪያ የወደቀው እሱ አይደል? በተረፉት ፎቶዎች ሁሉ ባሌ ዓይኑን ጨፍኗል። ልጄ ‹አባባ ሰርጉ ላይ ተኝቶ ነበር?› ይለኛል!»

የታክሲ ሹፌሩ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ክቡርነታቸው ስልኩን ዘጉ።

«ያን ጊዜ ሳላጠና ገዝቼ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«ጋሼ፣ ለጊዜው ዲስክ ላይ ይሁንና...» አለች ባለሱቋ።

«እኛ ቤት ለጊዜው ተብሎ የገባ ነገር ወጥቶ አያውቅም።»

ሹፌሩ በዚህ መሀል ትንሿን ኮምፒውተር ሲያገላብጥ ቆይቶ «የማይፈልጓት ከሆነ አንዷን እኔ ልውሰዳት?» አለ። ሦስቱ ሁለት ሆኑ። ባለሱቋ ትንፋሿን ሳበች። ንግግሩን ስታዘጋጅ ነው ያደረችው። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና...» ብላ ጀመረች።

በሩ ተበረገደ።

የገባችው ሴት ሹራብ ደርባለች፤ ከሥሩ የነርስ ልብስ ይታያል። ዓይኗ ደም መስሏል። ሰላምታም ሳትሰጥ ጣቷን ወደ ትራሱ ቀሰረች።

«እሱ እዚህ ምን ይሠራል?»

ክቡርነታቸው ትራሱን ወደ ጀርባቸው አዞሩ። «አንቺ ለምን ነቃሽ?»

«መች ተኛሁና ነው የምነቃው? ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ሳገላብጥ አድሬ ገባሁ፤ አልጋው ላይ ልወድቅ ስል ትራሴ የለም! ሌላ ሴት ባሏን ቤት ስታጣው ትጨነቃለች፤ እኔ ትራሴን ይዞ የጠፋ ባል ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ?»

«ለጥናቱ ፈልጌው ነው።»

«የምን ጥናት?»

ክቡርነታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኢንተርኔቱ ኬብል የሚገባው በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ነው። ሌላ ክፍል የለንም። ያለው ቦታ ካንቺ ራስጌ አጠገብ ብቻ ነው። ቀን ቀን ትተኛለሽ። ቢጮህብሽስ?»

ባለሱቋ ያዘጋጀችውን ንግግር ዋጠችው። «ድምፅ አላት» እያሉ ሲመልሱባት የኖሩት ኮምፒውተሮች ሁሉ በዓይኗ ላይ አለፉ።

ሚስትየው ወደ ጓዳው መግቢያ ሄዳ የሞኒተር ካርቶን ላይ ቁጭ አለች።

«የኔ እህት» አለቻት ለባለሱቋ፤ «የዚህን ሰውዬ ጉድ ልንገርሽ? ከነጋ ቤት የሚገባው ጫማውን ደጅ አውልቆ ነው። የግድግዳውን ሰዓት አቁሞታል። ማጠፊያውን ሁሉ ዘይት አጠጥቶታል። ሻይ በማንኪያ አያማስልም፤ ብርጭቆውን ነው የሚያዞረው። የጎረቤቱን ውሻ አጥንት እየወሰደ አስለምዶ ዝም አሰኝቶታል።»

«ታዲያ ይሄማ መታደል ነው!»

«መታደል? ቤቱ ከዝምታው ብዛት ያስፈራል! ዓይኔን ስጨፍን ጆሮዬ ይከፈታል። ሦስተኛው ቤት ማንኪያ ሲወድቅ እሰማለሁ። አሁን ደግሞ ምን ይንኳኳ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ይመሻል።»

ክቡርነታቸው ትራሱን ወደ ፊት አመጡት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«በጣቱ ጫፍ ለሚሄድልኝ ሰው ምን ብዬ ልንገረው?»

የባልና የሚስት ነገር ለጠጋኙ አይመቸውም። ላለመስማት ሲል ሥራ ፈለገ። በዚያው ጠዋት ከአንድ ከተዘጋ ቢሮ የመጡ፣ የልብስ ሻንጣ የሚያካክሉ ሦስት ሰርቨሮች እዚያው ጓዳው መግቢያ ላይ ተደርድረው ነበር። ሰካቸውና አበራቸው።

ሱቁ ወፍጮ ቤት ሆነ። መደርደሪያው ላይ ያሉ ኬብሎች ተንቀጠቀጡ።

«አጥፋው! ኧረ አጥፋው!» ጮኹ ክቡርነታቸው።

ሚስታቸው እጇን አነሳች። «ተወው እስቲ» አለች። ሌላም ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ በፊት ራሷ ወደ ግድግዳው ዘንበል አለ። እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ።

ተኝታለች።

ማንም አልተነቃነቀም። ትንሽ ቆይቶ ሰርቨሮቹ ራሳቸው ረገብ አሉ፤ ጩኸቱ ወደ ማጉረምረም ወረደ። ሴትየዋ ዓይኗን ገለጠች።

«ማነው ያጠፋው?»

«ማንም አላጠፋውም» አለ ጠጋኙ። «እነዚህ ሲነሱ ነው የሚጮኹት። ከዚያ ይረጋጋሉ።»

ክቡርነታቸው ለጠጋኙ በእጃቸው ምልክት ሰጡት። አጠፋቸው፣ መልሶ አበራቸው። ወፍጮው ተነሳ። ሚስታቸው ተኛች። ረገበ። ነቃች። በሕይወታቸው ካጠኑት ሁሉ አጭሩ ጥናት ይህ ነበር። ወደ ጠጋኙ ቀረብ ብለው ጆሮው ላይ፣

«እንዳይረጋጉ ማድረግ ይቻላል?» አሉት።

«እንዴ?»

«ፋኑ ሁልጊዜ እንዲህ እንዲጮኽ።»

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ፋን ቀንስልኝ እያለ ነው የሚመጣ!»

«እኔ ጨምርልኝ ነው የምልህ።»

ጠጋኙ አንገቱን እየነቀነቀ ኪቦርድ ሰክቶ የፋኑን ፍጥነት መጨረሻው ላይ አሰረው። ወፍጮው ተነሳ፤ በዚያው ቀረ። ሴትየዋ አፏን በትንሹ ከፍታ ታንኮራፋለች፤ ማንኮራፋቷ የሚታይ እንጂ የሚሰማ አልነበረም። ክቡር አጥኚ ወደ ባለሱቋ ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉኝ?» አለች።

ደገሙላት።

«አይሰማኝም!»

«እገዛቸዋለሁ!» ብለው ጮኹ።

ባለሱቋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቢሆንም ሕሊናዋ አላስቻላትም፣

«ጋሼ፣ ዋታቸው ብዙ ነው! መብራት ይበላሉ!» አለች በጩኸት።

«አልሰማሁሽም!»

«ዋ-ታ-ቸው!»

«አልሰማሁሽም አልኩሽ!» አሉና ኪሳቸው ገቡ። በዚህ ጊዜ እጁ ባዶውን አልወጣም።

ለመውሰድ የታክሲ ሹፌሩ ተስማማ። ሁለቱን ሰርቨሮች እሱና ጠጋኙ ተሸክመው አወጡ። ሦስተኛው እስከ መጨረሻው ሲጮኽ ቆየ፤ ክቡርነታቸው የመኪናው ሞተር ሳይነሳ እንዳይነቀል ብለው ነበር። ሚስታቸውን እጇን ይዘው አስነሷት፤ ገና ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆና «ትራሴን አደራ» አለች።

የመጨረሻው ፎቶ ማክሰኞ ጠዋት ገባ። ኩባንያው በዚያው ቀን ማታ ተዘጋ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ክቡር አጥኚ አልመጡም። ከሁለት ላፕቶፖች የትኛው ይሻለኛል ብሎ አንድ ደንበኛ ሲጠይቃት ባለሱቋ ሳታውቀው ወደ ጥጉ ዞረች። እዚያ ማንም የለም። በሩን ደግማ ደጋግማ አየች።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?» አላት ጠጋኙ።

«ምን ቆርጦኝ ነው የምጠብቅ!»

«እኔ ግን መብራቴን የሚነቅል ጠፋብኝ» አለና ወደ ብሎኑ ተመለሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ጃንጥላው በር ላይ ቆመ። ባለሱቋ ሳትጠየቅ ወንበር አቀረበች።

«ባለቤትዎ ትተኛለች?»

«እሷ እንደ ልጅ ነው የምትተኛው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ጥጥ እከታለሁ» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ወዲህ አዩ። እህታቸው የልጆቹ ልደት ፎቶዎች ታትመው አልበም ይሁኑልኝ ብላቸው ነበር። ፕሪንተር ፈልገው ነው የመጡት።

እስካሁን አልገዙም።